ስህተቱን ማፈን መጠገን አይደለም

አንድ ሰርቨር አዲስ ማሽን ላይ ተጭኖ ገና ሲነሳ ይወድቃል። ስክሪኑ ላይ የሚወጣው መልእክት አጭር ነው፤ «ክሪፕቶ አልተገለጸም» ወይም «ጌትራንደምቫልዩስ ፈንክሽን አይደለም» ይላል። የወደቀው ለተጠቃሚዎች የመግቢያ ቶክን የሚያመነጨው ክፍል ነው። ደንበኛው ይደውላል፣ የቡድን መሪው ይጨቀጭቃል። ፕሮግራመሩም ወዲያ ወዲህ ሲያፈላልግ ቆይቶ ብዙዎች የሚስማሙበት መፍትሔ ላይ ይደርሳል። የክሪፕቶን አስተማማኝ የዘፈቀደ ቁጥር በ«ትራይ» ይጠይቃል፤ እምቢ ካለ ደግሞ ስህተቱን በ«ካች» ተቀብሎ የጃቫስክሪፕት ተራ የዘፈቀደ ፈንክሽን የሆነው ማዝ.ራንደም ቁጥሩን እንዲያወጣ ያደርጋል። ሰርቨሩ ይነሳል፣ ቶክኖቹ ይወጣሉ፣ ጉዳዩም ተዘጋ ይባላል።

ይህ አሠራር በጃቫስክሪፕት ባለሙያዎች ዘንድ እንደ ነውር ሳይሆን እንደ ጥንቃቄ ነው የሚታየው። መከራከሪያውም ተራ አይደለም። አገልግሎት መቋረጥ የለበትም ይላሉ። ጥሩ ፕሮግራም ችግር ሲገጥመው አማራጭ ይፈልጋል እንጂ ሥራ አያቆምም ይላሉ። ማዝ.ራንደምም ቢሆን ሰው በቀላሉ የማይገምተው ቁጥር ያወጣል፣ ሊገምተው የሚችለው አጥቂም በጥናት ወረቀት ላይ እንጂ በሥራ ላይ አይገጥምም ይላሉ። የአየር ትንበያ የሚያሳይ ገጽ አዲስ መረጃ ሲያጣ የትናንቱን ቢያሳይ ማንም አይጎዳም፤ እዚያ ላይ ክርክሩ ያስኬዳል። ቶክን ላይ ሲመጣ ግን ከሥሩ የተሳሳተ ነው። ምስጢር የሚያመነጭ ኮድ አስተማማኝ የዘፈቀደ ቁጥር ማግኘት ካልቻለ መቆም አለበት፤ መጠባበቂያ የሚባል ነገር ጨርሶ ሊኖረው አይገባም።

ቶክን ራሱን የሚከላከልበት ሌላ ነገር የለውም። የይለፍ ቃሉን ለረሳ ሰው በኢሜይል የሚላከው ሊንክ፣ ተጠቃሚው ከገባ በኋላ ብሮውዘሩ የሚይዘው የሴሽን መለያ፣ አንዱ ሰርቨር ሌላውን የሚያናግርበት የኤፒአይ ቁልፍ፣ ሁሉም የሚሠሩት ፊደሎቹን የያዘ ባለቤት ነው በሚል ሕግ ነው። ሰርቨሩ ሌላ መታወቂያ አይጠይቅም። ስለዚህ ብርታቱ በሙሉ ያረፈው ማንም ሊገምተው ባለመቻሉ ላይ ነው። ከስርዓተ ክወናው የተወሰደ 16 ባይት 128 ቢት ይሆናል፤ ከዚያ ሁሉ ብዛት ውስጥ አንዱን በሙከራ ማግኘት የትኛውም ኮምፒውተር የማይችለው ነው። በማዝ.ራንደም የተሠራው ቶክንም 32 ሆሄ ሊኖረው፣ ፊደልና ቁጥር ሊቀላቅል፣ ለዓመታት ሳይደገም ሊወጣ ይችላል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ የትኛው ደካማ እንደሆነ የሚለይ ዓይን የለም። ርዝመቱንና ቅርጹን ብቻ የሚያየው አውቶማቲክ ሙከራም አይለይም። ገጽ ሲበላሽ ተጠቃሚ ያማርራል፣ ሒሳብ ሲዛባ የሒሳብ ሠራተኛ ይደርስበታል፤ ቶክን ሲደክም ግን የሚናገር የለም። ድክመቱ ድምፅ የሚያሰማበት አንድ ቅጽበት ቢኖር የስህተት መልእክቱ የወጣበት ነው። መጠባበቂያው የሚያጠፋው ያንኑ ድምፅ ነው።

ማዝ.ራንደም ለዚህ ሥራ እንደማይበቃ ታሪኩ ራሱ ይመሰክራል። የክሮምና ጃቫስክሪፕትን በሰርቨር ላይ የሚያስኬደው የኖድ ጄኤስ ሞተር የሆነው ቪ8 እ.ኤ.አ. እስከ 2015 መጨረሻ ድረስ ቁጥር የሚያወጣው ኤምደብሊውሲ1616 በሚባል ስልት ነበር። ይህ ስልት በዜሮና በአንድ መካከል ሊያወጣቸው የሚችላቸው የተለያዩ ዋጋዎች ከ4.3 ቢሊዮን አይበልጡም። መነሻው ሳይቀናው ሲቀር ደግሞ ከ40 ሚሊዮን ባነሰ ዙር ራሱን መድገም ይጀምር ነበር። ቤታብል የተባለው የኦንላይን ቁማር ኩባንያ ለመለያዎቹ ከ64 ሆሄያት መካከል በዘፈቀደ እየመረጠ ባለ 22 ሆሄ ስም ይሰጥ ነበር። በወረቀት ላይ ሲሰላ 132 ቢት ነው፤ ሁለት መለያዎች በአጋጣሚ አንድ ይሆናሉ ብሎ የሚጠብቅ አልነበረም። ሆኑ። የኩባንያው ማይክ ማሎን ምክንያቱን በዝርዝር አጥንቶ በ2015 ባሳተመው ጽሑፍ ጥፋቱ ከስሌቱ ሳይሆን ቁጥሩን ከሚያመነጨው ማዝ.ራንደም እንደሆነ አሳየ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ የቪ8 ቡድን ስልቱን ኤክስኦርሺፍት128+ በሚባለው ተካው።

«እንግዲያው ችግሩ ያኔ ተፈቷል» የሚሉ አሉ። አልተፈታም። የቪ8 ቡድን ለውጡን ባስታወቀበት ጽሑፍ ላይ ራሱ አዲሱ ስልትም ለምስጢር ሥራ እንደማይሆን በግልጽ ተናግሯል። ኤክስኦርሺፍት128+ በስታቲስቲክስ ሚዛን ጥሩ ነው፤ ቁጥሮቹ በእኩል ይበተናሉ፣ ዙሩም እጅግ ረጅም ነው። ነገር ግን ውስጡ ያለው 128 ቢት ብቻ ሲሆን፣ የሚያወጣው እያንዳንዱ ቁጥር የዚያን ውስጣዊ ሁኔታ ከፊል ያሳያል። በተከታታይ የወጡ ጥቂት ቁጥሮችን የያዘ ሰው እንደ ዜድ3 ያለ በነፃ የሚገኝ የሒሳብ መፍቻ ተጠቅሞ ሁኔታውን መልሶ ያገኘዋል፤ ከዚያ በኋላ ወደፊት የሚወጣውንም ቀድሞ የወጣውንም ያሰላል። በተግባር ሲታይ፣ አጥቂው በራሱ ስም የይለፍ ቃል መቀየሪያ ሊንክ ደጋግሞ ይጠይቃል፤ ከደረሱት ሊንኮች ሁኔታውን ያሰላል፤ ቀጥሎ በሌላ ሰው ስም ይጠይቃል። ያ ሰው ኢሜይሉን ከመክፈቱ በፊት አጥቂው ሊንኩን ይዞታል። ለዚህ የጥናት ተቋምም ሆነ ውድ ማሽን አያስፈልግም።

ከሁሉ በላይ የሚያስተምረው ግን የኪይፔር ጉዳይ ነው። ኪይፔር በጃቫስክሪፕት የአርኤስኤ ቁልፍ የሚያመነጭ ትንሽ ፓኬጅ ነው። ጊትክራከን የተባለው የኮድ ማስተዳደሪያ መተግበሪያ በ2021 በነበሩት አንዳንድ ቨርዥኖቹ የተጠቃሚዎቹን የኤስኤስኤች ቁልፍ የሚሠራው በዚህ ፓኬጅ ነበር። አክሶሶፍት የተባለው የመተግበሪያው አምራች ኩባንያ መሐንዲሶች አንድ የማይታመን ነገር አስተዋሉ፤ ፓኬጁ የሚያወጣቸው ቁልፎች ደጋግመው አንድ ዓይነት ይሆናሉ።

ኮዱ ሲፈተሽ በተደራረቡ አማራጮች የተገነባ ሆኖ ተገኘ። ፓኬጁ ብሮውዘር ውስጥ ሲሠራ ከብሮውዘሩ አስተማማኝ ምንጭ ይወስዳል። ኖድ ውስጥ ግን «ዊንዶው» የሚባለው ነገር ስለሌለ የኖድን የራሱን ክሪፕቶ መጠቀም ነበረበት፤ ጸሐፊዎቹም ይህን አስበውበታል። ሆኖም በዚያው ኮድ ውስጥ «ክሪፕቶ» የሚል ስም ያለው ተለዋዋጭ ታውጆ ባዶ ዋጋ ተሰጥቶት ስለነበር ይህኛው መንገድ አንድም ቀን አልተኬደበትም። ኮዱ ምንም ሳይናገር ወደ መጨረሻው አማራጭ ወረደ፤ መነሻውን ከማዝ.ራንደም ወደሚቀበል ሌመር ወደሚባል ቀላል ስልት። እዚያም ሌላ ስህተት ነበር። ቁጥርን ወደ ሆሄ የሚለውጠው ፈንክሽን በአንድ ዋጋ ላይ ሁለት ጊዜ ተደራርቦ ስለተጠራ ከመነሻው ዳታ 97 በመቶ ያህሉ ዜሮ ሆነ። ቁልፎቹ የተገጣጠሙት በዚህ ምክንያት ነው። ጉዳዩ በኦክቶበር 2021 በደኅንነት ክፍተቶች መዝገብ ሲቪኢ-2021-41117 ተብሎ ይፋ ሲሆን ጊትሃብ በእነዚያ ቨርዥኖች የተሠሩትን ቁልፎች ሰረዘ፤ ጊትላብና ቢትበኬትም እንዲሁ አደረጉ።

ይህን ታሪክ የመጠባበቂያ ደጋፊዎች «የኮድ ግድፈት» ብለው ያልፉታል። እንዲህ ማለፍ ፍትሐዊ አይደለም። የስም መጋጨት ማንም ፕሮግራመር የሚሠራው ስህተት ነው። የመጨረሻው አማራጭ ባይኖር ኖሮ ፓኬጁ በመጀመሪያው ቀን፣ በመጀመሪያው ማሽን ላይ ይወድቅ ነበር፤ ባዶ የሆነው ተለዋዋጭም ወዲያው ይገኝ ነበር። ትንሹን ስህተት ወደ አደጋ ያሳደገው እንዳይታይ የሸፈነው መጠባበቂያ ነው። መጠባበቂያው ራሱ የተበላሸ መሆኑም አያስገርምም፤ ማንም ይኬድበታል ብሎ ያልጠበቀው መንገድ ስለሆነ ማንም አልፈተሸውም። በሩ አልቆለፍ ቢለው በክር አስሮት የሄደ ሰው እንኳ ክሩን መንገደኛ ያይለታል፤ ደካማ ቶክን ግን ክሩም አይታይም።

ቀጥሎ የሚመጣው መከራከሪያ ለዘብ ያለ ነው። ለይለፍ ቃልና ለሴሽን አስተማማኙን እንጠቀም፤ ምስጢር ላልሆነው ለሌላው ሁሉ ማዝ.ራንደም ይበቃል ይላል። ምክንያታዊ ይመስላል፤ ችግሩ ምስጢር የሆነውንና ያልሆነውን አስቀድሞ መለየት ከሚታሰበው በላይ ከባድ መሆኑ ነው። ፎርም-ዳታ የተባለውን ፓኬጅ መውሰድ ይቻላል። ፋይልና ጽሑፍ በአንድ ጥያቄ ውስጥ ሲላኩ ክፍሎቹን የሚለይ የድንበር ምልክት ያስፈልጋል፤ ፓኬጁ ይህን ምልክት በማዝ.ራንደም ይሠራ ነበር። ማን ነው የድንበር ምልክትን ምስጢር ብሎ የሚያስብ? በጁላይ 2025 ግን ሲቪኢ-2025-7783 ተብሎ ይፋ ሆነ፣ ደረጃውም «እጅግ አደገኛ» ተባለ። ምክንያቱ በአንድ ፕሮሰስ ውስጥ ያለ ኮድ ሁሉ ማዝ.ራንደምን ከአንድ ምንጭ መጋራቱ ነው። ያው ሰርቨር በሌላ ቦታ፣ ለምሳሌ በጥያቄ መለያ ቁጥር፣ የማዝ.ራንደምን ውጤት ለውጭ ሰው ካሳየ አጥቂው ቀጣዩን የድንበር ምልክት ያሰላል። ከሚልካቸው መስኮች በአንዱ ውስጥ ያንን ምልክት ከጻፈ ደግሞ ሰርቨሩ ወደ ሌላ ሲስተም በሚልከው ጥያቄ ውስጥ የራሱን መስኮች መሰግሰግ ይችላል። ጥገናው ማዝ.ራንደምን አውጥቶ ራንደምባይትስ በሚባለው የኖድ አስተማማኝ ፈንክሽን መተካት ብቻ ነበር።

ከዚያ ስድስት ወር ቀደም ብሎ፣ በጃንዋሪ 2025፣ ተመሳሳይ ድክመት ኡንዲቺ ውስጥ ተገኝቶ ነበር፤ ሲቪኢ-2025-22150 ይባላል። ኡንዲቺ ከኖድ ጋር አብሮ የሚመጣው የፌች ፈንክሽን የሚሠራበት ላይብረሪ ነው። የኖድ ፕሮጀክት ሰዎች ራሳቸው «ይህ ምስጢር አይደለም» ብለው የተሳሳቱበትን ልዩነት፣ ሌሊት ሰርቨር እንዲነሳለት የሚጣደፍ ፕሮግራመር በትክክል ይለየዋል ብሎ መጠበቅ አይቻልም።

የአገልግሎት መቋረጥ ክርክር የበለጠ ክብደት አለው፤ ሰርቨር ሲወድቅ የሚጎዱት እውነተኛ ሰዎች ናቸውና። ነገር ግን የሚፈራው ነገር በእርግጥ ይከሰታል ወይ? በሊኑክስ ላይ ከ2014 ጀምሮ፣ ከከርነል 3.17 ወዲህ ማለት ነው፣ ከከርነሉ አስተማማኝ የዘፈቀደ ቁጥር የሚጠየቅበት ጌትራንደም የሚባል ጥሪ አለ። ማሽኑ ገና በሚነሳበት ወቅት ምንጩ እስኪዘጋጅ ሊያስጠብቅ ይችላል፤ አንዴ ከተዘጋጀ በኋላ ግን «ዘፈቀደ አለቀብኝ» የሚል ሰርቨር የለም። ስለዚህ በሥራ ላይ ያለ ኖድ አስተማማኝ ቁጥር ማግኘት አቃተኝ ሲል ጥፋቱ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ከኮዱ ወይም ከቨርዥኑ ነው፤ የተሳሳተ ስም፣ ያልተጠራ ሞጁል፣ ያረጀ ኖድ። መጠባበቂያው ከማይመጣው አደጋ እየጠበቀ የመጣውን ስህተት ይደብቃል።

ማስጠንቀቂያን ዝም ማሰኘት ምን እንደሚያስከፍል ዴቢያን የተባለው የሊኑክስ ስርጭት በ2006 እና በ2008 መካከል አይቶታል። ኦፕንኤስኤስኤል፣ ኖድም ዛሬ የሚመካበት የምስጢር ላይብረሪ፣ በማስታወሻ መመርመሪያ መሣሪያ ሲፈተሽ ማስጠንቀቂያ ያወጣ ነበር። ላይብረሪውን ለዴቢያን የሚያዘጋጀው ሰው ማስጠንቀቂያውን የሚቀሰቅሰውን ኮድ አወጣ፤ መልእክቱም ጠፋ። አብሮት የጠፋው ግን የዘፈቀደ ቁጥሩ ምንጭ ራሱ ነበር። የቀረው የሚለዋወጥ ነገር የፕሮሰስ ቁጥር ብቻ ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ የቁልፍ ዓይነትና መጠን ሊወጡ የሚችሉት ቁልፎች ወደ 32 ሺህ ገደማ ሆኑ። ሉቺያኖ ቤሎ የተባለ ባለሙያ ደርሶበት በሜይ 2008 ይፋ እስኪሆን ድረስ በዓለም ዙሪያ ያሉ ሰርቨሮች ማንም ተቀምጦ ሊዘረዝራቸው በሚችሉ ቁልፎች ሲጠበቁ ነበር። ወደ ሁለት ዓመት ገደማ ምንም የወደቀ፣ ምንም የተቋረጠ አገልግሎት የለም። ሁሉም ይሠራ ነበር።

ኖድም ከዚህ አላመለጠም። በሴፕቴምበር 2022 የተስተካከለው ሲቪኢ-2022-35255 እንደሚያሳየው፣ በዌብ ክሪፕቶ ቁልፍ የሚያመነጨው የኖድ ክፍል የዘፈቀደ ባይት ከጠየቀ በኋላ ጥያቄው መሳካት አለመሳካቱን አይመለከትም ነበር፤ ሳይሳካ ቢቀርም ይቀጥላል። የጎ ቋንቋ አዘጋጆች ደግሞ በ2025 መጀመሪያ በወጣው ቨርዥን 1.24 ተቃራኒውን መንገድ መረጡ። አስተማማኙ የዘፈቀደ ፈንክሽን ስህተት መመለሱን እንዲተው፣ ካልተሳካለትም ፕሮግራሙን መልሶ በማይነሳበት ሁኔታ እንዲያወድቀው ወሰኑ። ፕሮግራመሩ በ«ካች» ሊይዘው የሚችል ነገር አልተዉለትም። ትልልቅ አገልግሎቶች የሚሠሩበት ቋንቋ ለሰርቨር መቆም ግድ የሌለው ሆኖ አይደለም እዚህ ውሳኔ ላይ የደረሰው።

እንግዲህ የስህተት መልእክቱ ሲመጣ ምን ይደረግ? ይነበብ። ጌትራንደምቫልዩስ በኖድ የክሪፕቶ ሞጁል ላይ የተጨመረው በ17.4 ነው፤ በኖድ 16 ላይ «ፈንክሽን አይደለም» ማለቱ እውነቱን ነው። ክሪፕቶ ያለ ልዩ ፈቃድ በሁሉም ቦታ በስሙ የሚገኘው ከኖድ 19 ጀምሮ ነው፤ በ18 ላይ «አልተገለጸም» ካለ ሞጁሉን በግልጽ መጥራት ወይም ኖዱን ማደስ ነው መድኃኒቱ። ለመለያ ራንደምዩዩአይዲ ከ14.17 ጀምሮ አለ፤ በኤስኤምኤስ ለሚላክ ባለ ስድስት አሃዝ ኮድ ራንደምኢንት አለ። ሁሉም ከኖድ ጋር የሚመጡ ስለሆኑ ተጨማሪ ፓኬጅ አያስፈልግም።

መልእክት የማያወጡት ስህተቶች የባሰ ጥንቃቄ ይሻሉ። ራንደምባይትስ የመልስ ፈንክሽን ሲሰጠው ባይቶቹን የሚያቀብለው በዚያ ፈንክሽን በኩል ነው፤ ውጤቱን በቀጥታ የሚወስድ ኮድ ለሁሉም ተጠቃሚ «አንዲፋይንድ» የሚል ቶክን ሊሰጥ ይችላል። ባይቶቹን ያለ ምንም መግለጫ ወደ ጽሑፍ መለወጥ ደግሞ ዩቲኤፍ-8 ማለት ነው፤ ለዩቲኤፍ-8 የማይስማሙ ባይቶች በአንድ የመተኪያ ምልክት ይተካሉ፣ ከቶክኑ ብርታትም ብዙው ይባክናል። ሄክስ ወይም ቤዝ64ዩአርኤል ብሎ መግለጽ ይበቃል። ባይትን ለ62 አካፍሎ በቀሪው ሆሄ መምረጥም ስህተት ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ስምንት ሆሄያት ከሌሎቹ አንድ አራተኛ የበለጠ ይወጣሉ። በረጅም ቶክን ላይ ጉዳቱ ትንሽ ስለሆነ ብዙ አያነጋግርም። የሰዓት ቁጥርን በሐሽ ፈንክሽን አሳልፎ ቶክን ማለት ግን ከዚህ ሁሉ የከፋ ነው። በ1995 ኢያን ጎልድበርግና ዴቪድ ዋግነር የኔትስኬፕ ብሮውዘርን ምስጢር የሰበሩት መነሻው ከሰዓትና ከፕሮሰስ ቁጥሮች ብቻ እንደተሠራ ስለደረሱበት ነው፤ በላዩ የነበረው ሐሽ አላዳነውም።

መጠባበቂያን ማውጣት እንደሚቻልም ማስረጃ አለ። በጃቫስክሪፕት ዓለም እጅግ ከተስፋፉት ፓኬጆች አንዱ ዩዩአይዲ ነው። የቀድሞው ኖድ-ዩዩአይዲ በደካማ ዘፈቀደ ምክንያት ሲቪኢ-2015-8851 ተመዝግቦበታል። አዘጋጆቹ በ2020 ባወጡት ቨርዥን 7 በማዝ.ራንደም የሚሠራውን መጠባበቂያ ጨርሰው አወጡት፤ አስተማማኝ ምንጭ ከሌለ ፓኬጁ ስህተት ያወጣል፣ ይቆማል። ያ መልእክት ብዙ ፕሮግራመሮችን አበሳጭቷል። ትክክለኛው ውሳኔ ግን እሱ ነበር፤ ፓኬጁም ከዚያ በኋላ ተጠቃሚ አላጣም።

አሁን በኖድ የክፍያ፣ የትምህርት ቤት ወይም የክሊኒክ ሲስተም የሚያስተዳድር ሰው ይህን ካነበበ ኮዱን ይክፈትና ማዝ.ራንደም የሚለውን ይፈልግ፤ በተለይ «ካች» ከሚለው ቃል በታች። ሲያገኘው ማጥፋቱ ግማሹ ሥራ ነው። በዚያ መንገድ የወጡት ቶክኖች እስካሁን በሰዎች ብሮውዘርና ኢሜይል ውስጥ አሉ፤ ኮዱ ቢታደስም እነሱ ይሠራሉ። ጊትሃብ ደካማ ቁልፎቹን እንደሰረዘ ሁሉ፣ እነዚያም ዛሬውኑ ይሰረዙ፤ ተጠቃሚዎችም እንደገና ይግቡ፣ ምክንያቱም ይነገራቸው።